ሌንስ የለኝም፣ ጭላዳው ግን እግሬ ስር ነበር

የጭላዳ ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ተጥለቅልቋል፣ "በምን ካሜራ ነው ያነሳሽው?" የሚል። ኧረ በስልክ ነው! ያውም ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ የተሰነጠቀ፣ ካሜራው ላይ ጭረት ያለበት ተራ ስልክ። ይሄን ስላቸው ደሞ አያምኑኝም፣ አንዷማ "ሚስጥር አድርገሽው ነው" ብላ ተቀየመችኝ። ስለዚህ እስኪ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። እኔ እንደገባኝ አውሬን በቅርብ ለማየት የሚያስፈልገው ዕቃ ሳይሆን ቂጥ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ መቆየት የሚችል ቂጥ።

ቦታው ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ትልልቆቹ ደንቆሮ ጫካ የሚሉት። ከደሴ ተነስታችሁ የጉጉፍቱን ብርድ ቀምሳችሁ፣ አቀስታን አልፋችሁ ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ ነው የሚያደርሳችሁ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ቀድሞ ካገሬው መጠየቅ ግድ ነው፣ ይሄን የወሎ ሰው እኔ ሳልነግረው ያውቃል። እኔ አክስቴ እዛው መካነ ሰላም ስላለች ሰበብ አላጣም፣ "አክስቴን ልጠይቅ" ብዬ ከቤት እወጣና አክስቴ ጋ ቡና ጠጥቼ፣ ተመርቄ፣ በማግስቱ በሌሊት ወደ ፓርኩ ነው። አክስቴ እስካሁን ግራ እንደገባት ነው፣ "ዝንጀሮ ለማየት ከደሴ ድረስ? ምን ጎሎሽ ነው ልጄ?" ትላለች፣ ከዛ ግን ቆሎውን በፌስታል ቋጥራ የምትሰጠኝ እሷው ናት።

ፓርኩ ስትገቡ ብቻችሁን አትሄዱም፣ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይዛችሁ ነው። ይሄን እንደ ግዴታ አትዩት። ስካውቱ እዛው አካባቢ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፣ የትኛው ገደል ላይ እንዳደሩ፣ በየት በኩል ወደ ሜዳ እንደሚወጡ፣ ትናንት ነብር የቱ ጋ እንደዞረ ያውቃል። ከኔ ጋ የነበሩት ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ አባባ ነው የምላቸው። የያዙት ነገር ቢኖር አሮጌ ጋቢና ጠመንጃ ብቻ ነው፣ ግን እኔ ድንጋይ መስሎኝ ያለፍኩትን ሁሉ "እሱ ሰስ ነው ልጄ፣ ጆሮውን እይው" ይሉኛል። ሰሷ፣ ያቺ ሚዳቋ መሳይ የገደል አውሬ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ በጣቷ ጫፍ ቆማ እኛን እያየች ነበር ለካ።

ወደ ጭላዳ ልግባ፣ የመጣሁትም ለሱ ነው።

ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ሌሊቱን ነብርም ጅብም እንዳይደርስበት ቋጥኙ ላይ ተለጥፎ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል አንድ ባንድ ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ እናንተ ማድረግ ያለባችሁ እሱ ከመውጣቱ በፊት ሜዳው ላይ ደርሶ መቀመጥ ነው፣ በቃ። እሱ ወጥቶ ሳር መጋጥ ከጀመረ በኋላ ከሩቅ እየተራመዳችሁ ብትመጡ እየቀረበው የመጣ ሰው ነው የሚያየው፣ ይሸሻል። ቀድማችሁ ተቀምጣችሁ ካገኛችሁ ግን የቦታው ዕቃ ናችሁ። መጀመሪያ ወጣቶቹ ጫፉ ላይ ብቅ ብለው ያዩዋችኋል፣ ቀጥሎ እናቶች ልጅ አዝለው ይወጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ባለጎፈሩ ወንድ እየተንጎራደደ ይመጣል፣ ከዛ ሁሉም ቁጭ ብለው ሳር መንጨት ይጀምራሉ። ሲግጡ ደሞ አይነሱም፣ እንደተቀመጡ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ነው ወደፊት የሚሄዱት፣ እና ሜዳው ወደናንተ ከሆነ ሳያስቡት ቀስ በቀስ እየተንፏቀቁ እናንተ ጋ ይደርሳሉ ማለት ነው! ምንም ዙም የማያስፈልገው ለዚህ ነው። ዙሙን ራሳቸው ይሰሩላችኋል።

ሲቀርቡ የምታዩት ነገር በፎቶ አይታይም። ጣታቸው ለምሳሌ። ሳሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እየነጨ፣ እጁ እስኪሞላ መዳፉ ውስጥ ያጠራቅምና ባንዴ ወደ አፉ ይከታል፣ ፍጥነቱ ይገርማል። ከዝንጀሮና ከጦጣ ዘመዶቹ ሁሉ ዛሬ በሕይወት ካሉት ውስጥ ሳር ግጦ የሚኖር እሱ ብቻ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የለም። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ራቁት ቆዳም ከቅርብ ሲታይ ሌላ ነው፣ በተለይ የሴቷ፣ የመራቢያ ጊዜዋ ሲደርስ ዳር ዳሩን ትናንሽ እብጠት ይወጣና ልክ ጨሌ ያሰረች ነው የምትመስለው። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ በመቀመጫው ለሚውል እንስሳ ምልክቱ ደረቱ ላይ ቢሆን ነው የሚሻለው፣ ከኋላ ቢሆን ማን ያይለታል?

ድምፃቸውን ሳልረሳ። ከሩቅ የሚሰማው ጩኸታቸው ነው፣ ሲጣሉ የሚያሰሙት፣ ገደሉን የሚያስተጋባው። አጠገባችሁ ሲሆኑ ግን እንደዛ አይደለም፣ እየጋጡ ያለማቋረጥ ያጉተመትማሉ፣ አንዷ ህም ስትል ሌላዋ ትመልሳለች፣ መሀል ላይ ከንፈሩን እያርገበገበ እርስ በርሱ የተያያዘ ድምፅ የሚያወጣ ወንድ አለ። በፈረንጆቹ 2013 የወጣ ጥናት ይሄ ከንፈር እያርገበገቡ የሚያወጡት ድምፅ ምቱ ከሰው ንግግር ምት ጋ ይቀራረባል ብሏል፣ እኔ ጥናቱን ሳላነብ በፊትም የሰፈር ሴቶች ቡና ላይ ያሉ ነበር የመሰለኝ። እና አንድ ምክር፣ ስልካችሁን ለፎቶ ከማስጨነቅ ድምፅ መቅጃውን ክፈቱና ሳሩ ላይ አስቀምጡት። እኔ ጋ ያለው ምርጡ ነገር እሱ ነው፣ ማታ ቤት ሆኜ እሰማዋለሁ፣ ባሌ ይስቅብኛል።

አንዴ ታዲያ ጫማዬ ተፈቶ ላስር ጎንበስ ስል ያ ሁሉ መንጋ ብድግ ብሎ ወደ ገደሉ! ምን ሆኑ ብዬ ደነገጥኩ። ፈንጠር ብሎ በግ የሚጠብቅ ልጅ እየሳቀ መጣ።

"እትየ፣ ጎንበስ አይበሉ እንጂ። ድንጋይ ሊያነሱ መስሏቸው እኮ ነው።"

"እንዴ፣ ጫማዬን ነው እኮ ያሰርኩት!"

"እነሱ ጫማ አያውቁም።"

ልጁ ወንጭፉ አንገቱ ላይ ነው። ገብስ ሲደርስ ሥራው ጭላዳ ማባረር ነው፣ እና ጭላዳው ይሄን ልጅ ጠንቅቆ ያውቀዋል፣ የወንጭፉ ድንጋይ እስከየት እንደሚደርስ ራሱ ሳይለካው አይቀርም። ልጁ ሲቆም ይርቃሉ፣ ልጁ ሲቀመጥ ይመለሳሉ። ዱላ ይዛችሁ ከሆነ መሬት ላይ አጋድሙት፣ ጃንጥላም እንደዛው። ቁጭ ለማለትም ቢሆን ቀስ ብላችሁ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ነው እንጂ ወደ መሬት ዘርግታችሁ አይደለም። ይሄን ከማንም መጽሐፍ አላገኘሁትም፣ ከዛ ልጅ ነው። ሃያ ብር ልሰጠው ብዬ አልቀበልም አለኝ፣ ቆሎውን ግን ጨርሶልኛል።

ያገሬው ሰው ስለ ጭላዳ ያለውን ስሜትም ማወቅ አለባችሁ፣ ዝም ብላችሁ ከከተማ ሄዳችሁ "ሲያምሩ!" እንዳትሉ። አንድ ገበሬ እንዲህ ነው ያሉኝ፣ "ለናንተ ጉድ ነው፣ ለኔ የገብስ ሌባ ነው።" እውነታቸውን ነው። የበልግ ገብስ ለዘራ ሰው መንጋ ጭላዳ ማሳው ላይ ሲወርድ ማየት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ግን እኚሁ ሰው እኔ ቁጭ ብዬ ሳይ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና "ያቺን እያት፣ ልጇ ነው የሞተባት፣ ትናንትም ይዛው ነበር" አሉኝ። እውነትም አንዷ እናት የደረቀ ነገር በአንድ እጇ ይዛ ትሄድ ነበር። ጭላዳ እናቶች የሞተ ልጃቸውን ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይዘው እንደሚዞሩ ኋላ ላይ አንብቤያለሁ። የገብስ ሌባ ያሏትን እንስሳ ሐዘኗን የሚከታተሉት ራሳቸው ናቸው።

ቀይ ቀበሮን ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ ብዬ ቃል አልገባም። በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ፣ አብዛኛው ባሌ ተራሮች ላይ፣ ትንሽ ትንሽ ደሞ እኛ ወሎ ጋ። ነገር ግን የሚጠቅማችሁ ነገር አለ፣ አይጥ የሚያድነው በቀን ነው፣ እና ጭላዳ ያለበት ሜዳ ይወዳል። መንዝ ጓሳ ላይ የተሠራና በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ፣ ቀበሮው ጭላዳ መሀል ሆኖ ሲያድን ከሞከረው 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ። ጭላዳዎቹ ደሞ ልጆቻቸውን እንደማይነካ ስለሚያውቁ ዝም ይሉታል። ስለዚህ ጭላዳ መሀል ቁጭ ያለ ሰው ሳያስበው ቀበሮ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው! እኔ ያየሁትም እንደዛው ነው፣ ስፈልገው አይደለም። አባባ ክንዴን ነካ አደረጉኝ፣ ቀና ስል ቀይ፣ እግረ ረጅም፣ ጉሮሮው ነጭ የሆነ ነገር በጭላዳዎቹ መሀል ቀስ እያለ፣ ጆሮውን ወደ መሬት ደፍቶ እየተራመደ ነው። አንድም ጭላዳ ቀና ብሎ አላየውም። ጓሳው ሳር ውስጥ ዘሎ ገባ፣ የሆነ ነገር ዋጠ፣ ወደመጣበት አቅጣጫ ሳይሆን ወደኛ ትንሽ ቀረብ አለና አይቶን ሄደ። ፎቶ? የለኝም። እጄ ጋቢ ውስጥ ነበር፣ እንዲወጣም አልፈለግኩም።

እዚህ ላይ ባለካሜራዎችን ትንሽ ልተች። አንድ ጓደኛዬ እንደ መድፍ የተጎለተ ሌንስ ይዞ አብሮኝ መጥቶ ነበር፣ ምርጥ ፎቶ አንሺ ነው፣ አልዋሽም። ግን ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ስለ ብርሃን ነው፣ ፀሐዩ ከኋላ ሆነ፣ ደመና መጣ፣ ባትሪ አለቀ፣ እና ያን ሁሉ ሰዓት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያሳለፈው። ማታ ልጇ ስለሞተባት ጭላዳ ሳወራው "የቷ?" አለኝ። እንግዲህ እኔ የሱን ፎቶ ግድግዳዬ ላይ ብሰቅለው ደስ ይለኛል፣ ቀኔን ግን በሱ ቀን ልቀይረው አልፈልግም።

ጫካው ውስጥ ሌላ ዘዴ ነው የሚሠራው። ከሜዳው ወረድ ሲል ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ይጀምራል፣ እዛ ዓይን ብዙም አያገለግልም፣ ጆሮ ነው። ድኩላ ለመልክ ሳይሆን ለሽታና ለኮሽታ ነው የሚበረግገው፣ ስለዚህ ጭላዳ ጋ ምንም የማያመጣው ነፋስ እዚህ ሁሉን ነገር ይወስናል። ነፋሱ ፊታችሁን እየነካ ከሆነ ጥሩ፣ ማጅራታችሁን ከሆነ ግን ጊዜ አታባክኑ፣ ዞራችሁ ግቡ። ሽቶም ባይሆን ይመረጣል፣ የቡና ቤቱ ዕጣን የሸተተ ጋቢም እንደዛው (አክስቴ ይሄን ብትሰማ አትወደውም)። ጠዋት ማለዳ ወይ ወደ ማታ ጫካው ዳር ካለ ዛፍ ስር ግንዱን ተደግፎ መቀመጥ ነው፣ ሰው መሆናችሁ የሚታወቀው ቆማችሁ ስትታዩ ነውና። ድኩላው ሲመጣ መጀመሪያ ቅጠል ኮሽ ይላል፣ ረጅም ዝምታ፣ ሌላ ኮሽታ። ከዛ ጥቁር የሚያደላው ወንዱ አንገቱን ያወጣል። ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል፣ መጀመሪያ የሰማሁት ቀን የሰው ውሻ መስሎኝ ነበር።

ሽኮኮ ደሞ የሰነፍ ሰው አውሬ ነው፣ እወደዋለሁ። ጠዋት ቋጥኝ ላይ ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል፣ ሰው ሲያይ አንዱ ጠባቂ ያፏጭና ሁሉም ስንጥቁ ውስጥ። አብዛኛው ሰው ያኔ "ሄዱ" ብሎ ይሄዳል። ኧረ ቁጭ በሉ! ብርድ ስለማይችሉ ፀሐዩን ይፈልጉታል፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ አፍንጫ ብቅ ይላል፣ ሌላ አፍንጫ፣ ከዛ እንደነበሩ ይደረደራሉ፣ እናንተን ረስተው። ይሄ የጥንቸል ቁመት ያለው ፍጥረት የቅርብ ዘመዱ ዝሆን ነው ብላችሁ ለልጆች ንገሯቸው፣ እውነት ነው፣ ፊታቸውን ማየት ነው ከዛ። ሽኮኮ ባለበት ሰማዩንም ቃኘት አድርጉ፣ እሱን የሚያድነው ጥቁር ንስር አይጠፋም። አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ ጥሎ ሰብሮ የሚበላው ጺማሙ ጥንብ አንሳም በገደሎቹ ጫፍ ሲያልፍ ከናንተ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ጀርባውን ከላይ ሆናችሁ ታያላችሁ። ወፍን ከላይ ማየት የደገኛ ዕድል ነው እንጂ ቆላ ቢሆን አንገት ነበር የሚሰበረው።

"እኔ መካነ ሰላም ድረስ መሄድ አልችልም፣ ሥራ አለብኝ፣ ልጅ አለብኝ" የምትሉኝ አላችሁ፣ አውቃለሁ። ኮምቦልቻ ያለ ሰው የጎፍ ደን ስር ነው የተቀመጠው፣ ጉሬዛ አለ፣ ሲዘል ያ ነጭ ፀጉሩ ከኋላው ሲንሳፈፍ ለማየት ምንም አጉሊ መነጽር አያስፈልግም፣ ቀና ማለት ብቻ ነው። ገና የተወለደው ግልገል ሙሉ ለሙሉ ነጭ ነው፣ እናቱ ጥቁርና ነጭ ሆና እሱ ብቻውን እቅፏ ውስጥ ሲታይ ከሩቅ ይለያል። ላሊበላ ለገና ወይ ለጥምቀት የምትሄዱ ሰዎች አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከዛው በላይ ነው፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ትንፋሽ ያስቆጥራል፣ ግን ጭላዳም ቀይ ቀበሮም አለው። ሐይቅ ከተማ ደሞ የውሃ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ቁልቁል ሲወረወር ማየት ሙሉ ቀን ያስውላል (እስጢፋኖስ የወንዶቹ ገዳም ሴት ስለማያስገባ እኔ ባሌን እልከውና ዳር ሆኜ ወፌን አያለሁ፣ ማን እንደተጠቀመ እንጃ)።

ከቤት ሳትወጡም አለ። ደሴ ላይ በጠዋት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እየጮኸ እንቅልፍ የሚነሳን ያ ቆልማማ አፍ ጋጋኖ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የለም። ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ የሚሰፍረው አንገቱ ዙሪያ ነጭ ያለበት ርግብም እንደዛው። ፈረንጅ ስንት ሺህ ዶላር አውጥቶ፣ ባለሦስት እግር መነጽር ተሸክሞ የሚመጣው እኛ ድንጋይ የምንወረውርበትን ወፍ ለማየት ነው። ይሄን ሳስብ መሳቅም መናደድም ያምረኛል።

ሁለት ነገር ብዬ ላቁም። ምግብ አትስጧቸው። አሁን አሁን ቲክቶክ ላይ ሰው ለጭላዳና ለጦጣ ሙዝና ብስኩት ሲሰጥ አያለሁ፣ ላይኩም ይጎርፋል፣ ነገር ግን የሰው እጅ የለመደ ጭላዳ ነገ የሚሄደው የዛ በግ ጠባቂ ልጅ ምሳ ላይ ነው፣ ልጁ ደሞ ወንጭፍ አለው። የራሳችሁንም ቆሎ ስትበሉ ዞር ብላችሁ ብሉ።

ሌላው ውሻ ነው። ቀይ ቀበሮን ካለው ቁጥር ላይ እየቀነሰ የሚጨርሰው አንዱ ከቤት ውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው፣ ባሌ ተራሮች ላይ በተደጋጋሚ ብዙ ገድሏል፣ እኛ ጋ ያለው ደሞ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ አንድ ወረርሽኝ ይበቃዋል። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ በሚቀጥለው አብሬሽ ልምጣ አለኝ፣ ደስ ይለኛል አልኩት፣ "ውሻዬም ንፁህ አየር ይፈልጋል" ሲለኝ መኪናው ሞልቷል ብዬዋለሁ። መኪና የለኝም እኔ፣ በሚኒባስ ነው የምሄደው።